ንጉሥ ሚካኤል፦ ነፃ ሕዝብ በማን እጅ ይገዛል?

ጨቋኝ ገዥ ብቻውን ሲታይ አንድ ሰው ነው። እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ትኩሳት ያስተኛዋል፣ ቀኑ ሲደርስም እንደማንኛውም የአላህ ባሪያ ይሞታል። ታዲያ ይህ አንድ ሰው ወንዝ ተሻግሮና ተራራ ወጥቶ፣ ቁጥሩ እጅግ የሚበልጠውን ሕዝብ በምን ብልሃት ይገዛዋል? አብዛኞቻችን በሰይፍ ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ግማሽ እውነት እንጂ ሙሉ እውነት አይመስለኝም። ሰይፍ አገር ይወጋል፤ አገር ለመያዝ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር ታሪክ መሄድ አያሻንም። የገዛ አገራችን የወሎ ታሪክ፣ በተለይም መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ፣ በኋላም ሚካኤል ተብለው የተጠሩት ሰው ሕይወት በቂ ትምህርት ይሰጠናል።

ንጉሥ ሚካኤልን ብዙው አንባቢ የልጅ ኢያሱ አባት፣ የደሴው ጌታ፣ የዓድዋው ጀግና አድርጎ ያውቃቸዋል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን በሌላ በኩል ላየው እፈልጋለሁ። ዓላማዬ ሟችን ለመውቀስ አይደለም፤ የእርሳቸው ሒሳብ ከፈጣሪያቸው ዘንድ ነው። ዓላማዬ አንድ ሕዝብ በራሱ ልጅ እጅ እንዴት ለሌላ ኃይል እንደሚያድር ለማየት ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እናስተውል። ከደሴ ወደ ምዕራብ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ በደጋ ላይ ደጋ እየተደራረበ ይሄዳል። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ገብስና በግ የሚበዛበት፣ ከዳር እስከ ዳር በገደል የታጠረ አገር ነው፤ በምዕራብ በኩል የዓባይ በረሃ ይዘጋዋል። የእኔም ትውልድ ከዚሁ ከቦረና ነው። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለገሂዳ፣ ወረ ሂመኖ እየተባለ የሚጠራው ይህ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የራሱ አለቆች ነበሩት። ከእነርሱ መካከል ጎልተው የወጡት የወረ ሂመኖዎቹ ማመዶች ሲሆኑ፣ ገዥዎቻቸው ኢማም የሚል ማዕረግ ነበራቸው። ማዕረጉ ራሱ ብዙ ይናገራል። አለቅነቱና ዲኑ በአንድ ሰው ላይ ተጣምረው ነበር፤ ገዥው ከሕዝቡ ጋር የሚሰግድ፣ ዑለማውም በአደባባዩ ቦታ ያለው ነበር።

ነፃ ሕዝብ ስል ግን ጌታ የሌለው፣ ግብር የማይከፍል፣ ሁሉ እኩል የሆነበት አገር ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ግብር ነበረ፣ ጦርነትም ነበረ፤ የወሎ መኳንንት እርስ በርሳቸውም ከጎረቤቶቻቸውም ጋር ይዋጉ ነበር። ነገር ግን አለቃው የአገሩ ልጅ ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ዲኑን የሚጋራ፣ ሲበድልም ሽማግሌ በደጁ ቆሞ ሊገሥጸው የሚችል ሰው ነበር። የነፃነት ትንሹ ትርጉም ይኸው ነው፦ የሚገዛህን ሰው ፊቱን ማወቅና ልትናገረው መቻል።

ወደዚህ አገር በሰይፍ ብቻ የመጡት አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው በዚያው ዓመት ወደ ወሎ ዘመቱ፤ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያም የወረ ሂመኖን ታላቅ አምባ መቅደላን ያዙ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ወሎን ለማስገበር ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። መንደር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ የመኳንንቱ ልጆችም መያዣ ሆነው በመቅደላ ታሰሩ። መያዣ ማድረግ የጨቋኞች ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ የልጅህ አንገት በእጄ ነውና አርፈህ ተቀመጥ ማለት ነው።

ዘዴው ግን አልያዘም። በሰኔ 1857 ዓ.ም. በመቅደላ ታስረው የነበሩት የሸዋው ምኒልክ አምልጠው ወደ ወሎዋ እመቤት ወደ ወይዘሮ ወርቂቱ ዘንድ ሸሹ። የወይዘሮ ወርቂቱ ልጅ፣ ወጣቱ ኢማም፣ በዚያን ጊዜ በቴዎድሮስ እጅ ነበሩ። እናት ግን እንግዳቸውን አሳልፈው አልሰጡም። አፄ ቴዎድሮስ ወጣቱን ኢማምና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገድለው በገደል አስወረወሯቸው። ከዚያ በኋላ ወሎ ፈጽሞ ሊታረቃቸው አልቻለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ላይ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥቱ በዙሪያቸው ወዳጅ የሚሉት አገር አልነበራቸውም። እንግዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የተመዘዘ ሰይፍ ወሎን አቆሰለው እንጂ አልገዛውም።

መሐመድ ዓሊ የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። የኢማም ሊበን ልጅ ናቸውና የማመዶች ደም ነበራቸው። ልጅነታቸው በዚህ የእሳት ዘመን አለፈ። ዘመዶቻቸው ሲታሰሩና ሲገደሉ፣ አገራቸው ሲቃጠል አይተው አደጉ። የዚህ ዓይነት ልጅነት አንዱን ሰው እምቢተኛ፣ ሌላውን ደግሞ አስተዋይና ጥንቁቅ ያደርገዋል። መሐመድ ዓሊ ከሁለተኛው ወገን የነበሩ ይመስለኛል።

ቴዎድሮስ ሲሞቱ ወሎ ነፃ ወጣ፤ ነፃነቱን ግን አልተጠቀመበትም። ይህን መናገር ለአገሩ ልጅ ያማል። ሰይፍ ያላደረገውን የወንድማማች ጠብ አደረገው። ወይዘሮ ወርቂቱና ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት በሥልጣን ተፎካከሩ። ከዚያም ፉክክሩ በመሐመድ ዓሊና በወይዘሮ መስተዋት ልጅ በአባ ዋጠው መካከል ሆነ። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። አንዱ ሌላውን ብቻውን ማሸነፍ ሲያቅተው ከውጭ ደጋፊ ፈለገ። በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ፤ በወሎ እንግድነት ሕይወታቸው ተርፎ አገራቸው የገቡት ምኒልክ ወረ ኢሉን ቆርቁረው ጦራቸውን በወሎ ደጃፍ አስቀምጠዋል። በሰሜን ደግሞ በጥር 1864 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት አፄ ዮሐንስ ነበሩ። የወሎ መኳንንት ሲሻቸው ወደ አንዱ፣ ሲሻቸው ወደ ሌላው እየዞሩ ለገዛ ወንድማቸው ውድቀት የሌላውን ጦር ጠሩ።

ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኸልዱን መንግሥታት የሚቆሙት በወገን ትብብር ነው፣ ትብብሩ ሲላላም ባዕድ ይገባባቸዋል የሚል ሐሳብ በሰፊው አብራርቷል። ለወሎ የጻፈው እስኪመስል ድረስ የሆነው ይኸው ነበር። ከሊቁም በፊት በቁርኣናችን ፊርዐውን የአገሩን ሰዎች ከፋፍሎ እንደገዛ ተነግሮናል። ልዩነቱ ፊርዐውን ራሱ መከፋፈል ነበረበት፤ የወሎ መኳንንት ግን ተከፋፍለው ጠበቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ገበሩ። በግንቦት ወር ሁለቱ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባዔ አደረጉ። ጉባዔው መጀመሪያ የተጠራው በክርስቲያኖች መካከል ስለነበረው የሃይማኖት ክርክር ነበር። የሦስት ልደት ባዮች ተረቱና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲመለሱ ታዘዙ። ሙስሊሙ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ተወሰነበት። በሹመት ላይ ያለ ሙስሊም ግን ወይ መጠመቅ፣ ወይ ሹመቱን መልቀቅ ነበረበት። ስለዚህ የዚህ አዋጅ በትር ያረፈው በሙስሊሙ ላይ ብቻ እንዳልነበር ልብ እንበል፤ ከንጉሡ ሐሳብ የተለየ ክርስቲያንም ተገድዷል። ጉዳዩ የክርስቲያን ጎረቤታችን ጉዳይ አልነበረም፤ የዙፋን ጉዳይ ነበር።

አፄ ዮሐንስ ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብጽን ጦር መክተው ነበርና፣ በአገራቸው ያለ ሙስሊም ነገ ለግብጽ ያድራል የሚል ሥጋት ያዛቸው። ሥጋቱ የአንድ ንጉሥ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ጨቋኝ ሥልጣን የሚጠነክረው የውጭ ጠላትን እያሳየ ነው። ጠላቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚታሰረው ግን ጎረቤት ነው።

በቦሩ ሜዳ ሁለቱ ተፎካካሪ ወንድማማቾች በፊተኛው ረድፍ ተጠመቁ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ። አንባቢ ይህን በጥሞና ይመልከተው። ሁለቱ ወንድማማቾች የተለያዩ ሁለት አባቶች ተሰጣቸው። ጠቡ አልተፈታም፤ ከላይ ሆኖ የሚይዘው እጅ ብቻ ተለወጠ። ለመሐመድ ዓሊ የራስነት ማዕረግና የወሎ ግዛት ተሰጣቸው። ቴዎድሮስ በመያዣ ልጆች ያላገኙትን ዮሐንስ በክርስትና ልጅነት አገኙት።

መሐመድ ዓሊ ሌላ ምርጫ ነበራቸውን? ይህን ጥያቄ በቀላሉ መመለስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሁለት ነገሥታት ጦር በደጃቸው ሰፍሯል። እምቢ ቢሉ ወንድማቸው አገሩን ሊወስድባቸው ተዘጋጅቷል። ሕዝቡ ዳግመኛ እንዳይቃጠል ብለው አስበው ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸውም ገና ሠላሳ አልሞላም። እኔ በልባቸው ውስጥ የነበረውን አላውቅም፤ የልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ውሳኔው የአንድ ሰው የግል ውሳኔ ሆኖ አልቀረም። ኢማም ሲጠመቅ የሕዝቡ በር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በእያንዳንዱ መንደር ወታደር ማቆም አላስፈለጋቸውም፤ የአገሩ ልጅ አለላቸውና።

የማቆያውም ዘዴ ከዚህ ይጀምራል። በራስ ሚካኤል ሥር ያለው ባላባት ሹመቱን ላለማጣት ተጠመቀ። በባላባቱ ሥር ያለው ጭቃ ሹም ርስቱን ላለማጣት ተከተለ። ገበሬው አብያተ ክርስቲያናትን እንዲሠራና ለካህናት አሥራት እንዲከፍል ታዘዘ፤ ትእዛዙን ይዞ የመጣበትም ባዕድ ሳይሆን ትናንት አብሮት ሶላት ይሰግድ የነበረ ሰው ነው። ባዕድ ቢሆን በጦር ይቀበለው ነበር። የአጎቱን ልጅ ግን በምን ይቀበለው? እያንዳንዱ ሰው ከበላዩ ያለውን እየፈራ ከበታቹ ያለውን ያስፈራ ነበር። እንዲህ ባለው ሰንሰለት ውስጥ ጨቋኙ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ከጎንህ ያለው ቀለበት ነው።

የወሎ ሙስሊም ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1870ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በቃሉ በኩል ተነሥተው ሕዝብ አስከትለው ተዋጉ። አመፁ በብዙ ደም ታፈነ። ሼሁ ግን ከዘመኑ ተርፈው በዓረብኛ ፊደል በጻፏቸው የአማርኛ ግጥሞች እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ሌላው ደግሞ ዲኑን ይዞ ተሰደደ፤ ወደ አርሲ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረር የሄደው ጥቂት አይደለም። አገሩን መልቀቅ ያልቻለው ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ማታ በጓዳው ሰገደ። በእኛ በቦረናና በለጋምቦ ስለዚያ ዘመን ሲነሣ አረጋውያን የሚናገሩት ስለ ነገሥታቱ አይደለም፤ በሌሊት ተደብቀው ልጆቻቸውን ቁርኣን ያስቀሩ ስለነበሩ ስማቸው ስላልተጻፈ ሰዎች ነው። ዲኑን ያቆዩት እነዚያ ናቸው። የጨቋኝ ሥልጣን ወሰንም ከእነርሱ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ራስ ሚካኤል ወዲያው ወደ ምኒልክ ዞሩና ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። የምኒልክ ዘመን ሲመጣ በሙስሊሙ ላይ የነበረው ግፊት ላላ። ራስ ሚካኤልም ዋና ከተማቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ፤ አይጠየፍ የተባለውን ታላቅ አዳራሽ አሠሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወሎ ፈረሰኛ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ላይ ያደረገው ውጊያ ለአገር ነፃነት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። በዚያ ጦር ውስጥ በግድ የተጠመቀውም፣ ያልተጠመቀውም፣ በድብቅ የሚሰግደውም ለአንድ አገር ሞተዋል።

ከዚያ ወዲህ የራስ ሚካኤል ዕድል ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መሰለ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጃቸው ኢያሱ የአፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ምኒልክ አረፉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ራስ ሚካኤል በደሴ ዘውድ ጭነው የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ። በመያዣ ልጆች ዘመን ያደገው የኢማም ሊበን ልጅ ንጉሥ ሆነ፤ ልጁም በንጉሠ ነገሥቱ ወንበር ላይ ነው። በቦሩ ሜዳ የተከፈለው ዋጋ ከእጥፍ በላይ የተመለሰ ይመስል ነበር።

ነገር ግን የተሰጠ ሥልጣን ሰጪ አለው፤ ሰጪም ይነሣል። ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ እየሄዱ ከሙስሊም መሪዎች ጋር ተቀራረቡ። የሸዋ መኳንንት ሊያወርዷቸው በፈለጉ ጊዜ ያነሡት ክስ ከሃይማኖታቸው ወጥተዋል፣ ሰልመዋል የሚል ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፈቃድ ሕዝቡ ከመሐላው ተፈታ ተባለና ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ከጥምቀቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ንጉሥ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፣ ለዘውዱ ተዋግተዋል፣ ልጃቸውን ለመንግሥት ሰጥተዋል። ለከሳሾቻቸው ግን በችግር ቀን ቤታቸው ያው የእስላም ቤት ነበር። ለጨቋኝ ሥርዓት ማንነትህን ብትሰጠውም ይዞት ይቆያል እንጂ አይረሳልህም፤ ሲፈልግህ ልጄ ይልሃል፣ ሲጠላህ ማን እንደነበርክ ያስታውስሃል።

ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን በሰገሌ ሜዳ ተሸነፉና ተማረኩ። የወሎ ልጅ በሺህ የሚቆጠር በዚያ ሜዳ ረገፈ። ንጉሡም ታስረው በአዲስ አበባ በድል አድራጊዎቹ ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። በጳጉሜን 1910 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ።

ውድ አንባቢያን ሆይ! ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እኔ ያየሁት ይህን ነው። ጨቋኝ ወደ ነፃ ሕዝብ የሚገባው እኛ ራሳችን በከፈትነው በር ነው፤ በሩም የወንድማማች ጠብ ነው። ወንድሜን ለማሸነፍ የጠራሁት ኃይል ወንድሜን ካሸነፈ በኋላ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከገባ በኋላም የሚቆየው የሕዝቡን መሪ የራሱ ልጅ በማድረግ ነው። መሪው ስለ ሕዝቡ ብቻውን ተደራድሮ፣ ብቻውን ተሹሞ ሲወጣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ተሸጧል፤ ሻጩ ክፉ ሰው መሆኑ ግዴታ አይደለም። አንዳንዴ ደግ፣ ጀግናና አስተዋይ ሰውም ሊሆን ይችላል። አደጋውም በዚህ ይከፋል፤ ክፉውን ሰው ሁሉም ይጠነቀቀዋል፣ የምንወደውን ሰው ግን አንጠይቀውም።

ይህ የነገሥታት ዘመን ታሪክ ብቻ አይምሰለን። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ በሩ ግን ሁልጊዜ አለ። በመስጊድ ኮሚቴ፣ በእድር፣ በማኅበር፣ በቀበሌ ሳይቀር ሁለት ወገን ይጣላል፤ አንዱ ወገንም ከበላይ ሰው ዘንድ ሄዶ ሌላውን ያስመታል። ያን ቀን የተመታው ተቀናቃኙ ብቻ ይመስለዋል። ቦሩ ሜዳ ላይም ሁለቱ ወንድማማቾች እንዲሁ መስሏቸው ነበር። መሪዎቻችንን እንምረጥ፣ እናክብር፤ ነገር ግን ስለ እኛ ምን እንደተስማሙና በምን ዋጋ እንደተስማሙ በግልጽ እንጠይቃቸው። እንደ ወይዘሮ ወርቂቱ እንግዳ አሳልፎ አለመስጠት ለሁላችንም የሚቻል አይሆን ይሆናል። ወንድምን አሳልፎ አለመስጠት ግን ይቻላል።

አላህ ከጨቋኝም፣ የጨቋኝ እጅ ከመሆንም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።